ሳሙና ያልነካው ወተት

ከወሊድ ፈቃድ በተመለስኩበት ቀን፣ ገና የሻይ ሰዓት ሳይደርስ አማቴ ደወሉልኝ።

«ልጅቷ አልጠጣም ብላለች» አሉ። «አንዴ ሳብ አደረገችና ተፋችው። ምን ሆና ነው ብዬ እኔም ቀመስኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል! ጡጦውን አላለቀለቅሽውም እንዴ?»

«አለቅልቄዋለሁ እማማ። በፈላ ውሃ ነው ያለቀለቅኩት።»

«እንግዲህ ምላሴ አይዋሽም» ብለው ዘጉት።

ስልኩን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ እጄ ላይ የነበረውን ጠርሙስ አየሁት። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጠርሙስ ማጠብ። የጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ከየሱቁ የተመለሱት ጠርሙሶች ከማጠቢያው ማሽን ሲወጡ እያንዳንዱን አንስቼ በመብራት አየዋለሁ፣ አፉን አሸተዋለሁ። ሳሙና ከሸተተኝ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ጓደኞቼ «የእሷ አፍንጫ ደመወዝ ለብቻው ይገባዋል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ታዲያ አገር የሚጠጣበትን ጠርሙስ ሳሸት የምውል ሴት፣ የገዛ ልጄን ጡጦ ከነሳሙናው ትቼ መጣሁ ማለት ነው? ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

ልጄን ድምቡሼ ነው የምንላት። ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ አጥንቷ የሚቆጠር ልጅ ነበረች። ስሙን ያወጡላት አማቴ ናቸው። «ድምቡሼ በሏት፤ ስሟን እየሰማች ትወፍራለች» አሉ። እውነትም እየሞላች መጣች፤ እጥፍ እጥፍ ያለ ክንድ አወጣች። ሆዷ ግን ለጋ ነው። የዱቄት ወተት ብንሞክርላት አስመለሳት፤ ተቅማጧም ደም ቀላቀለ። የክሊኒኳ ነርስ «ለጊዜው ከእናቷ ወተት ሌላ ምንም እንዳታስነኳት» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ስለዚህ ፈቃዴ ሳያልቅ ማጠራቀም ጀመርኩ። ልጅቷ ስትጠግብ የተረፈውን እያለብኩ በትንንሽ ላስቲክ ከረጢት እየቋጠርኩ ፍሪዘር ውስጥ ደረደርኩ። በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን በራሴ እጅ ጻፍኩበት። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ የተማርኩት ጽሕፈት መጀመሪያ የዋለው ለዚህ ነው። አማቴ «ሥጋዬን አስወጥተሽ ወተት አስገባሽ። ቤቱን በረት አደረግሽው እኮ!» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም አንዳንዴ ያለ ምክንያት ፍሪዘሩን ከፍቼ አየው ነበር። ሥራ ብሄድም ልጄ አትራብም እያልኩ ልቤን የማሳርፍበት እሱ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ቤት ስገባ ድምቡሼ ድምጿ ሰልሏል። ቀኑን ሙሉ አልቅሳ ነው። ጡቴን ስሰጣት የተናደደች መስላ ነከሰችው። ስትጠባ እያየኋት ከጡጦው የቀረውን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። አልኮመጠጠም፣ አልሸተተም። ሳሙና ነው። ያለ ጥርጥር ሳሙና።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ አማቴ።

ጡጦዎቹን በሙሉ ሰብስቤ እሳቸው እያዩኝ አጠብኩ፣ ቀቀልኩ፣ ገልብጬ አደረቅሁ። ከዚያ ሌላ ከረጢት አውጥቼ ለብ ባለ ውሃ አቀለጥኩትና ቀጥታ ከከረጢቱ ቀመስኩት። ያው ነው።

«እማማ፣ ይሄ ከረጢት አዲስ ነው። ከማሸጊያው ወጥቶ ወተት ነው የገባበት። ማንም አጥቦት አያውቅም።»

«ታዲያ ሳሙናው ከየት መጣ? ሳሙና ትበያለሽ እንዴ?» አሉና ለራሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «አንቺ ልጅ፣ ፋብሪካው ይሆን? ያ ማጠቢያ በእጅሽ ገብቶ ደምሽ ውስጥ ቀርቶ ይሆን?»

ይህን ሲሉኝ እጄን አየሁት። ስንት ጊዜ ጓንት ተቀድዶብኝ ዝም ብዬ ሠርቻለሁ። ወደ ጓዳ ገብቼ እጄ ላይ ጥቂት አለብኩና ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው፤ ምንም አልነካውም። ትኩሱ ደህና ሆኖ፣ የተቀመጠው ብቻ ሳሙና ሳሙና ይላል። ይሄን እንዴት አድርጌ ለማን ላስረዳ?

ቢቸግረኝ የማውቀውን አደረግሁ። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ሁሉንም ነገር የሚያድነው ሙቀት ነው። ስለዚህ የቀለጠውን ወተት ድስት ላይ ጣድኩት። ፈላ፣ ገነፈለ፣ ቀዘቀዘ። ስቀምሰው ጭራሽ ብሶበታል።

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ድምቡሼ እኔ የሌለሁበትን ሰዓት ሁሉ እየተራበች ዋለች። ክሊኒክ ስወስዳት የሚዛኑ ቀስት ባለፈው ከነበረበት ዝቅ ብሎ ቆመ። ነርሷ ይዤላት የሄድኩትን ወተት አሸተተችው።

«አልተበላሸም» አለች። «ብትጠጣው አይጎዳትም።»

«አትጠጣውም እኮ እህቴ።»

«ሞክሪ፣ ትለምደዋለች። የሚቀጥለው ሚዛን ላይም ከቀነሰች ግን ሆስፒታል ተኝታ በአፍንጫዋ በቱቦ ትመገባለች። እንደዚህ ያለች ልጅ ቀልድ አትችልም።»

መሞከሩ አልቀረም። በማንኪያ ሰጠናት፣ በሲኒ ሰጠናት፣ ተኝታ እያለች በጡጦ ሰጠናት። እንቅልፍ ውስጥ ሆናም ምላሷ ያውቀዋል። አባቷ የረጅም ርቀት ሹፌር ነው፤ ከሄደ ቶሎ አይመለስም። ሲደውል «ስኳር ጣል አድርጉበት» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ምንም አልቀረኝ።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ማሞቂያው ቆመ። የተጨመቀው ብርቱካን ሳይሞቅ ትልቁ ጋን ውስጥ ቁጭ አለ። ማሞቂያውን የሚቆጣጠረውን ሰው ቴርሞ እንለዋለን፤ ከቴርሞሜትሩ ዓይኑን ስለማይነቅል ነው። በኋላ ማሽኑ ሲጠገን ጭማቂውን አሞቁትና ለናሙና ጠርሙስ ልወስድለት ሄድኩ። ብርጭቆ ላይ ቀድቶ በመብራት እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ከላይ እንደ ሻይ የጠራ ውሃ፣ ከታች ደለል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ለየ። ሙቀት ሳያገኘው ብዙ ቆየ። ፍሬው ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ። ብርቱካኑ ሳይነካ አርፎ ይቀመጣል፤ ሲጨመቅ ሥራ ይጀምራል። ጭማቂውን አንድ ላይ የያዘውን ነገር ይቆርጠውና እንዲህ ይለየዋል።»

«ጀርም ነው?»

«አይደለም። ጀርም ነፍስ አለው፤ ይበላል፣ ይራባል። ይሄ ነፍስ የለውም፤ ግን ይሠራል። አለቃ ሳያየው የሚሠራ ሠራተኛ በይው።»

«እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ቢያገኙ ወይዘሮ ደንብ ግንባሩን ይስሙት ነበር።» ወይዘሮ ደንብ የምንላቸው የክፍላችን ኃላፊ ናቸው።

ሳቀ። «ጀርሙን ለመግደል እኮ ቀለል ያለ ሙቀት ይበቃ ነበር። ይሄ ግን ግትር ነው። ጀርሙ ሞቶም እሱ ይተርፋል። ወደ ዘጠና ዲግሪ የምናደርሰው ለእሱ ብለን ነው። ለጥቂት ጊዜ አግለን ወዲያው እናቀዘቅዘዋለን፤ ጣዕሙ እንዳይሞት። ሌሎች ደግሞ ሙቀቱን ዝቅ አድርገው ረጅም ጊዜ ያቆዩታል። እንደ ሁኔታው ነው።»

«ሳይሞቅ ቢቀዘቅዝስ?»

«ብርድ አይሰብረውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። በረዶ ውስጥም ሆኖ እጁ ሙሉ በሙሉ አያርፍም።»

በረዶ ሲል የእኔ ፍሪዘር ትዝ አለኝ።

«ወተት ውስጥስ አለ?»

«የምን ወተት? የላም?»

«የሰው።»

ፊቱን ወደ ቴርሞሜትሩ አዞረ። «እህቴ፣ እኔ የብርቱካን ሰው ነኝ» አለ። ግን አላፈርኩም፤ የማፍርበት ጊዜ አልነበረኝም። ከፍሪዘሩ እስከ ነርሷ ሚዛን ድረስ ዘረገፍኩለት። ቀስ በቀስ ዞሮ አየኝ። «የወተት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለችኝ። እጠይቅልሻለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቱን ሳያወልቅ እኔ ወዳለሁበት መጣ።

«ሳሙና ከምን ይሠራል?» አለኝ።

«ከስብ።»

«በቃ፣ እሱ ነው። ወተትሽ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስብ ይቆርጣል። የተቆረጠ ስብ ደግሞ የሳሙና ጣዕም ያመጣል። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የጡጦም፣ የእጅም አይደለም። አንዳንድ እናት ላይ ይበረታል። የመጣው ለጥሩ ነው፤ ልጅቷ ሆድ ውስጥ ስቡን እንዲፈጭላት ነው። ከጡትሽ ስትጠባው ጊዜ አያገኝም። ሲቀመጥ ነው ሥራውን ከሆዷ ቀድሞ የሚጨርሰው።»

ለልጄ የተላከ ሠራተኛ ልጄን ያስርባታል ብሎ ማን ይገምታል?

«መፍትሔው እንደታለበ ማሞቅ ነው» አለ። «ሳይፈላ፣ ዳር ዳሩ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ማውረድና ወዲያው ማቀዝቀዝ። ግን ደግሞ እወቂው፤ ሙቀት መርጦ አይመታም። ልጅን ከበሽታ ከሚጠብቀውም ነገር ያጎድላል ብላኛለች። ከጡት የምትጠባውን ጥሬውን አትተዪ።»

«የተጠራቀመውስ? ፍሪዘር ሙሉ ነው እኮ።»

ትናንት የለየውን ጭማቂ የያዘውን ጋን በአገጩ አሳየኝ። ዳግመኛ አሙቀውት ነበር። ከላይ ውሃ፣ ከታች ደለል እንደሆነ ቀርቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የሻይ ሰዓት ሲደርስ እንደ ወትሮው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለብኩ። ጥሩ ወተት ነው፤ ትኩስና ጣፋጭ። ማሞቂያ የለኝም፤ ቤት እስክደርስም ሳሙና ሳሙና ማለት ይጀምራል፤ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ቴርሞ ላብራቶሪው ውስጥ ናሙና የሚሞቅበት ትንሽ የውሃ ገንዳ እንዳለና አለቃ ከፈቀደ እሱ እንደሚያሞቅልኝ ነግሮኝ ነበር። ወይዘሮ ደንብ ዘንድ ገባሁ።

እስክጨርስ አላቋረጡኝም። «ልጄ፣ እኔም ወልጃለሁ» አሉ። «አንጀቴ አልችል ብሎኛል። ላብራቶሪው ውስጥ ግን ከፋብሪካው ጭማቂ በቀር ምንም ነገር አይገባም። ዛሬ ላንቺ ብከፍት ነገ አንዷ ሾርባዋን ይዛ ትመጣለች።»

«ሾርባ አይደለም እኮ እትዬ።»

«አውቃለሁ፣ አይደለም። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ግን የእኔ ማወቅ አይረዳንም። ከሰው አካል የወጣ ነገር ናሙና መሞከሪያው ውስጥ ተገኘ ብለው ይዘጉናል።»

ክፉ ቢሆኑ እሰድባቸው ነበር። ደግ ሆነው ከለከሉኝ፤ ምን ልበላቸው? አመስግኜ ወጣሁ። ምን ብዬ እንዳመሰገንኩ እንኳ አላውቅም።

ማታ ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኢንዛይም የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ተነስተው ፍሪዘሩን ከፈቱና የተደረደሩትን ከረጢቶች ቆመው አዩዋቸው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ። ፍሪዘሩን ዘጉት። ስለ ሳሙናው ይቅርታ አልጠየቁኝም። ግን እኔ ያጠብኳቸውን ጡጦዎች ከእጄ ተቀብለው በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ አደረቁልኝ፤ ይህን አድርገውልኝ አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ድምቡሼ ከጠባች በኋላ የቀረውን አልቤ በትንሿ ድስት ማሞቅ ጀመርኩ። ግን ምን ይቀራል? ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ የቀኑን ረሃብ ስታካክስ ታድራለች። እኔም ሐሳብ ገብቶኝ ወተቴ ቀንሷል። አረፋው ዳር ዳሩ ሲወጣ አወርደዋለሁ፤ ግማሹ ድስቱ ላይ ተጣብቆ የቀረ ይመስለኛል። ለአማቴ ትቼላቸው የምሄደው ሲኒ አይሞላም።

መጀመሪያ ቀን አማቴ ደውለው ጮኹብኝ። «ጠጣችው! አንቺ፣ ጠጣችው! እስከ ጠብታዋ!»

ጠርሙሶቹ በፊቴ እያለፉ እንባዬ ወረደ። ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ የድምቡሼ ለቅሶ ተሰማኝ።

«ምን ሆና ነው?»

«ጨምሩልኝ ነዋ የምትለው» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ሌላ ከየት ላምጣላት?»

ስልኩ ተዘጋ፤ ለቅሶው ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ደረቴ ላይ ያለው ሽርጥ ረጠበ። ወተቱ ለእሷ መጣ፤ እሷ የለችም። አጠገቤ ያለችው ልጅ አይታ ፊቷን አዞረችልኝ።

ቀጥሎ የሆነውን በማንም ላይ አልፈርድበትም። አማቴ ልጅ ሲራብ ማየት አልቻሉም። ጥሩው ወተት ትንሽ ስለሆነ ከፍሪዘሩ ትንሽ አቅልጠው ቀላቀሉበት። መጀመሪያ ለአመል ታህል ነበር፤ ጠጣችላቸው። ደስ አላቸውና በማግስቱ ጨመር አደረጉበት። በሦስተኛው ቀን ድምቡሼ አንድ ጉንጭ ወሰደች፣ ቆመች፣ ተፋች። ከዚያ በኋላ ጡጦው ገና ከሩቅ ሲመጣ አፏን ትገጥማለች። ጠዋት ያሞቅኩትን፣ ምንም ያልተቀላቀለበትን ሰጧት፤ እሱንም አልነካም አለች። ለካ ጡጦውን ራሱን ጠልታዋለች።

ቤት ስገባ አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው አገኘኋቸው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። «ለእሷ ብዬ እኮ ነው። አምላክ ያውቃል፣ ለእሷ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ እማማ።»

«ተቆጪኝ እንጂ! ዝም አትበዪኝ!»

ምን ብዬ ልቆጣ? እኔስ በገዛ እጄ የተበላሸውን ሳፈላ፣ የማይመለሰውን ሳሞቅ አልነበር? ድምቡሼን አንስቼ አቀፍኳት። ቀላለች። ክንዷ ላይ የነበረው እጥፋት የለም፤ ቆዳው ብቻ ቀርቷል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት የፋብሪካው ዘበኛ አስጠራኝ። «በር ላይ አንዲት እናት ልጅ ይዘው ቆመዋል። አትገቡም ብላቸው፣ ‹ልጄ፣ እኔ ልግባ አላልኩም፣ እሷን አውጣልኝ› አሉኝ» አለ።

አማቴ ናቸው። ድምቡሼን ታቅፈው በሁለት አውቶቡስ መጥተዋል። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ፊታቸውን ላብ አጥቦታል።

«ወተቱ አልሄድ ካለሽ ልጅቷን ለወተቱ አመጣኋት» አሉ።

ዘበኛው ከጎጆው ወጥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ግቡ፣ ግቡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እጠብቃለሁ። ይሄም ዘብነት ነው» አለ። ጠባቧ ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ ጡቴን ሰጠኋት። አላመነችም መሰለኝ፤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነካችው። ከዚያ ያዘች። ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ቴርሞ በበሩ ሲያልፍ እኛን አይቶ እርምጃውን አፈጠነ። አማቴ ውጭ ጥላ ስር ቆመው ውሃ ይጠጣሉ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣሉ። ከጠዋት እስከ ምሳ አንዱ ረሃብ ነው፤ ከምሳ እስከ ማታ ሌላው። መሐል ላይ ያለችው ይህች ሰዓት ብቻ ናት። ጉልበታቸው ስላበጠ ትናንት ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሰው ደግፎ አወረዳቸው። ቅሩ እንዳልላቸው ልጅቷ አለች። ይምጡ እንዳልላቸው እግራቸውን አየዋለሁ።

ዛሬም መጡ። ግራውን ጨርሳ ቀኙን እንደያዘች የምሳ ሰዓት አለቀ። ጓደኞቼ በጎጆዋ ፊት እያለፉ መግባት ጀመሩ። ትንሽ፣ አንድ ደቂቃ እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ትንሿን ጣቴን በከንፈሯ ጥግ አስገብቼ አላቀቅኳት። አላለቀሰችም። አፏን እንደከፈተች አየችኝ።

አማቴ ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ነገ ሚዛን ነው።

«ጠግባለች?» አሉኝ።

ጠርሙስ ቢሆን በመብራት አንስቼ እስከየት እንደሞላ እነግራቸው ነበር።

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው። «እርስዎ እንዴት ያዩዋታል?»

እሳቸውም አላወቁም። ሁለታችንም ፊቷን አየነው።